የሰዓዳን ፊት ፍለጋ፤ ከአዳማ እስከ ላንጋኖ

ከአዳማ መነሳት

ማክሰኞ ጠዋት ከአዳማ መናኸሪያ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። ሽርሽር የሚባል ነገር አልወድም። ከፍሎ፣ ተንገላቶ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ መቀመጥ ምኑ እንደሚጥም እስካሁን አልገባኝም። የሄድኩት አንዲት ልጅ ፊቷን ለመጽሔታችን ሽፋን እንድትሰጠኝ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። «ረገዳ» የምትባል የጭፈራ ሙዚቃ መጽሔት አለችን። እዚሁ አዳማ ትዘጋጃለች፣ እዚሁ ትታተማለች። አዘጋጇ ቤቲ ናት። የቤቲ ቤተሰብ ከትልቅ እስከ ትንሽ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናቸው፤ እሷ ደግሞ ተነስታ የጭፈራ መጽሔት ከፈተች። እናቷ እስከ ዛሬ ለጎረቤት «ልጄ ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው» ነው የምትለው። እኔ የአርቲስቶቹን ቃለ መጠይቅ እጽፋለሁ። ገጹን የማቀናብረውም እኔው ነኝ። የትኛው ፊደል ይተልቅ፣ ፎቶው የት ይግባ፣ ምን ያህል ባዶ ቦታ ይተው፣ ሁሉም የኔ ጣጣ ነው። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው የሚሰጥ መጽሔት ሌላ ቦታ የለም ይሉኛል። ሌላ ቦታማ ሁለት ሰው የሚቀጥሩበት አላቸው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው። መጀመሪያ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ፤ ቀጥሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ፤ ከዚያ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ሆኜ ስገባ የማታ ትምህርት ጀመርኩ። ከልጆቼ እኩያዎች ጋር «ሀ ሁ» አልኩ። ለዚህ ነው ፊደል ለኔ ዕቃ የሆነው። ክብደት አለው፤ ሲጫን ያጋድላል፤ የት ላይ እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በጽሑፎቼ ስር «ተካ» ብዬ ብቻ ነው የምፈርመው። ቤቲ አንድ ጊዜ «ጋሽ ተካ፣ የአባትዎን ስም ለምን አይጨምሩም?» አለችኝ። ትምህርት ቤት በር ድረስ አድርሶኝ የማያውቅን ሰው እኔ መጽሔት ላይ ላድርሰው? አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በመድረክ ስሟ ከጠራኋት አዳማ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ዲጄ ሻርፕ። ፊቷን በሻርፕ ጠምጥማ፣ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው የምትጫወተው። «ስድስት» የሚለው ዜማዋ ሰርግ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ የትም አለ። ቃል የለውም፤ ምት ብቻ ነው። አምስት ጊዜ ጥርት ብሎ ይመታና ስድስተኛው ላይ ዱብ ይላል፣ ትከሻ ሁሉ እዚያች ዱብታ ላይ ይወድቃል። ማን ናት? የት ነው ያለችው? የሚያውቅ አልነበረም። ስንት ወር ሰው ልኬ፣ ስንት ቁጥር ደውዬ በመጨረሻ አገኘኋት። ስሟ ሰዓዳ ነው፤ የመቂ ልጅ ናት።

በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ፊቴንም ስሜንም እሰጥዎታለሁ፣ ሻርፑ በቃኝ። ግን አባቴ የጻፉትን ሰምቶ ይሁን ካላለ አይወጣም። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚያነቡለት። እኔ ካነበብኩለት የማይሆነውን እዘልለታለሁ፣ ያንን ደግሞ ያውቅብኛል።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ከምጠላቸው ነገሮች አንደኛው ነው። እደናቀፋለሁ። ረጅም ቃል ሲመጣ ላብ ያጠምቀኛል። ቢሆንም እሺ አልኳት። ሐሙስ ማታ ገጾቹ ማተሚያ ቤት መግባት አለባቸው፤ ቅዳሜ ደግሞ ላንጋኖ ዳር ትልቅ ዝግጅት አለ፣ እሷም እዚያ ትጫወታለች። በሻርፕ ትጫወት ወይስ በፊቷ፣ ያ በአባቷ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ልቤ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚዘለው።

ሞጆ

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሳይወጣ ሾፌሩ ምን ከፈተ? «ስድስት»ን። ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ፤ ሳቄ እንዳይታይብኝ ነው።

«ይቺ ዲጄ ሻርፕ እኮ ወንድ ናት!» አለ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

«ሂድ ወዲያ!» አለች አጠገቤ ሻንጣ ያቀፈች ሴትዮ። «የሐዋሳ ልጅ ናት። የአክስቴ ልጅ አብራት ተምራለች።»

«እና ፊቷን ምን ነካው አለችሽ የአክስትሽ ልጅ?»

«ቆንጆ ስለሆነች ነው የምትሸፍነው።»

«ቆንጆ ሆና የሸፈነች ሴት አሳዩኝና ነገ ሒሳብ አልቀበልም!» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለኝ።

«እኔ የምለው በሩን ዝጋ ነው» አልኩት። መጽሔታችንን የሚገዛው እንደ እሱ ያለው ሰው ነው፤ ሳምንት ሽፋኑን ሲያይ የሚያደርገውን እያሰብኩ እስከ ሞጆ በደስታ ተጓዝኩ።

ሞጆ ስንደርስ የከባድ መኪናው ሰልፍ ያው እንደ ልማዱ ነው። ደረቅ ወደቡ ጋ ኮንቴይነሩ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ሆኖ ተደራርቧል፤ ትራንዚተሮች ወረቀት ይዘው ይሯሯጣሉ፤ ሾፌሮች መኪናቸው ጥላ ስር ምንጣፍ አንጥፈው ካርታ ይጫወታሉ። እኔ እዚህ አገር ስጭን ወደብ የሚባል አልነበረም። ወደቡ ጀርባዬ ነበር። አሁንም ከባድ መኪና ሲነሳ ስሰማ ትከሻዬ ራሱ ይሸማቀቃል።

እዚያ የመቂ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ አንድ ረዳት በብረት የመኪናውን ጎማ እየመታ ሲዞር አየሁ። የነፋስ ልኩን በጆሮ መስማቱ ነው። እኔም ዕድሜዬን ያደረግኩት ነገር ስለሆነ ዞር ብዬ እንኳ አላሰብኩበትም። ይህን ለምን እንደነገርኳችሁ መቂ ስንደርስ ይገባችኋል።

ቆቃ

ቆቃ ወረድኩ፣ አሳ ሳልበላ የማልፈው ሰው አይደለሁምና። ከመንገዱ ዳር ሴትየዋ ቆሮሶ ጠብሳ በሚጥሚጣ ታቀርባለች። ዳር ዳሩ የተንኮሻኮሸ፣ ውስጡ ነጭ፤ ምንም አልልም።

«ስንት ነው?» አልኳት።

«አራት መቶ።»

«ግድቡንም ጨምረሽ ነው?»

«ግድቡ የመንግሥት ነው ጋሼ፣ እኔ አሳውን ብቻ ነው የምሸጠው» አለችኝ ሳትስቅ።

በአንድ እጄ እየበላሁ በሌላው የሽፋኑን ንድፍ ወረቀት ላይ ሞነጫጨርኩ። ላይ ላይ የመጽሔቱ ስም፣ መሃል የልጅቷ ፊት፣ ከስር በትልቁ «ሰዓዳ»። በቃ። የአባቷን ስም አልጨመርኩም። ሽማግሌው ሐጂ ናቸው፤ የአርሲ ሰው፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ጭነት የሚሠራ አይሱዙ ያላቸው፣ መስጊድ የማይቀሩ። ከጭፈራ ጉዳይ ስማቸውን ልጠብቅላቸው ብዬ ነው። ጥሩ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ የአሳ ዘይት ፈሰሰበት፣ በትክክል የፊቷ ቦታ ላይ። አደረቅኩት እንጂ አልጣልኩትም።

መቂ

ከዓለም ጤና ወዲህ መንገዱ ዳር ሽንኩርት በጆንያ ተደርድሮ ይጠብቃል። መቂ መግቢያ ላይ ሰዓዳ መጥታ ተቀበለችኝ፤ ሂጃብ አድርጋለች፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ጉንጯ ላይ የልጅነት ጠባሳ። ያን ሁሉ ወር ያላየሁት ፊት ይሄ ነው! አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

«ምነው ጋሽ ተካ፣ አሳዘንኩዎት?» አለችኝ።

«የሚኒባስ ረዳት ወንድ ናት ሲል ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«እሱ ይሻላል፤ ባለፈው ሁለት ሴቶች 'ዲጄ ሻርፕ እኔ ነኝ' ተባብለው ተጣልተዋል።»

አባቷ ሽንኩርት ይዘው ሐዋሳ ሄደዋል፤ ሐሙስ ቀን ነው የሚመለሱት ተባልኩ። የቆየ ጋቢና ያለው የተበላሸ መኪና ግቢያቸው ውስጥ ቆሟል፣ እሱ ውስጥ ተቀምጠን አወራን። ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄ ጽፌ አልሄድም። ጥያቄ የጻፈ ሰው መልሱን አይሰማም፤ ቀጣዩን ጥያቄ ነው የሚያየው። እኔ ስልኬን እከፍታለሁ፣ ሰውየው እስኪሰለቸው አብሬው እቀመጣለሁ። ከዚያ ድምፁን እየሰማሁ በእጄ እገለብጣለሁ። ስለምዘገይ ውሃ ውሃው ይቀራል።

«ድምፅ የምሰበስበው በስልክ ነው» አለችኝ። «ሐይቁ ዳር የሽንኩርት ማሳ ላይ ውሃ የሚስቡት ፓምፖች አሉ አይደል? እነሱን። ጫኞች ጆንያ ሲወረውሩ 'ሃፕ' የሚሉትን። ቲማቲም ሳጥን ሲደራረብ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ እቆራርጠዋለሁ።»

«'ስድስት'ስ? እሱስ ከምንድን ነው?»

ጣቷን የጋቢናው በር ላይ አድርጋ ቀስ ብላ መታችልኝ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ዱብ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጎማ ነው! አባቷ ሁልጊዜ ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ መኪናቸውን ከማስነሳታቸው በፊት በብረት ስድስቱን ጎማ እየመቱ ይዞራሉ። የኋላው አንዱ ጎማ ሁልጊዜ ነፋስ ይቀንሳል፣ ዱብ የሚለው እሱ ነው። እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትነቃው በዚያ ድምፅ ነው።

«ሰባት ዓመቴ ላይ ጋቢና አስቀምጦ ሻሸመኔ ይወስደኝ ነበር» አለችኝ። «ወንድ ልጅ የለውም፣ ሰው ሲስቅበት 'ረዳቴ ናት' ይል ነበር። ዘፈን ከሬዲዮ ሲመጣ ግን ያጠፋዋል። አባቴ ዘፈን አይወድም። ምቱን የሰጠኝ ግን እሱ ነው።»

የቃለ መጠይቁ ሥራ አለቀ። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ጎማ ስመታ የኖርኩ ሰው፣ በዚያ ዜማ ስንት ሰርግ ላይ ትከሻዬን ስሰብቅ ምንም አልታወቀኝም። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ። «ምን ሆኑ?» አለችኝ። «ሥራ አገኘሁ» አልኳት።

ባቱ

ያን ቀን ባቱ ገብቼ ሐይቁ አጠገብ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። ዝዋይ የሚሉም አሉ፣ እንደ ሰዉ ነው። ፀሐይ ሳትገባ አባ ኮዳዎቹ አሳ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ለመልቀም ይራኮታሉ። ከሩቅ ሲታዩ የሚያምሩ፣ ከቅርብ ሲታዩ የሚሸቱ ወፎች ናቸው። እኔ ወፍ ለማየት አልመጣሁም። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ከዚያ ገጹን አሰናዳሁ።

ያቀናበርኩትን ልንገራችሁ፣ እኮራበት ነበርና። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሌላ ምንም የለም። ባዶ ነጭ ወረቀት ነው፣ መሃሉ ላይ በግዙፍ ፊደል «አባቴ ዘፈን አይወድም።» አንባቢው ደንግጦ ሲገልጠው በሚቀጥለው ገጽ ላይ በዚያው ግዙፍ ፊደል «ምቱን የሰጠኝ ግን እሱ ነው።» ከዚያ ጽሑፉ ይጀምራል። ገጽ የመገልበጥን ነገር እንዲህ የተጠቀመበት ሰው አይቼ አላውቅም፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለቤቲ ስልክ ደውዬ ሳነብላት ጮኸች። «ጋሽ ተካ፣ ይሄ እስካሁን ከሠሩት ሁሉ ይበልጣል!» አለች። ጉራዬ ጣሪያ ነካ።

ላንጋኖ

በማግስቱ ከሰዓዳ ጋር በሚኒባስ ወደ ላንጋኖ ወረድን። ከቡልቡላ ወዲያ መንገዱ ዳር ግራሩ እየሳሳ፣ የከሰል ጆንያው እየበዛ ነው። ዛፍ ሆኖ ቆሞ ያየነውን ስንመለስ ጆንያ ሆኖ እናገኘዋለን። ከዋናው መንገድ እስከ ሐይቁ በባጃጅ ነው፤ ባለ ባጃጁ «መንገዱ መኪና ይሰብራል» ብሎ ዋጋ ጨመረ፣ መንገዱም በእርግጥ ሰበረን።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ሌላው ሰው ፎቶ ላይ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ እኔ አላደርገውም፤ የልጅቷ ፊት ከዚያ ቡናማ ውሃ ጋር ሲገጥም እሳት ነው! ሪዞርቱ ዳር ለቅዳሜ መድረክ እየተገጣጠመ ነበር። ሰዓዳ ሂጃቧን አስተካክላ፣ ያለ ሻርፕ፣ ያለ መነጽር ውሃው ዳር ቆመች። ነፋሱ ይመታታል። መጀመሪያ ላይ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፣ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ከዚያ አንድ የመድረክ ሠራተኛ እንጨት በመዶሻ መምታት ጀመረ፣ እሷም ሳታስበው በእግሯ ተከተለችው፣ ሳቀች። ያቺን አነሳሁ። ሽፋኑ እሷ ናት፤ ሳላያት ገና ጣቴ ሲጫን አወቅሁ።

ስልኬን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «እኔ ነኝ?» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

«አባቴ ከፈቀደ ሽፋን ይሆናል። ካልፈቀደ እኔ እያየሁ ያጠፉታል። ወላሂ ይበሉ።»

ወላሂ አልኩ። ያን ፎቶ የሚያጠፋ ጣት ይኖረኛል ብዬ ግን አላመንኩም።

መቂ፣ ሐጂ ፊት

ሐሙስ ገጾቹን ባቱ ያለ ኮምፒውተር ቤት አሳትሜ መቂ ስደርስ የአባቷ የሐጂ ከድር አይሱዙ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ባዶ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ተበትኖበታል። ሰዓዳ ባልዲ ይዛ መኪናውን እያጠበች ነው፣ ቀና ብላም አላየችኝ። ሐጂ በረንዳው ላይ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሒና የቀላ።

«አካም ጅርቱ ሐጂ» አልኩ።

«ፈያ፣ ፈያ። ኮቱ፣ ተቀመጥ። ጭነት ትሠራ ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?»

«ጀርባዬን ልግለጥልዎት?»

«ተወው፣ የኔም አለ» ብለው ሳቁ። ሻይ መጣ። ጎረቤታቸው ባለ ሱቁ አብዱ ነገር ሸቶት ሊሆን ይችላል፣ ሰላም ለማለት ብሎ ገባ፣ አጠገባችንም ተቀመጠ። ወረቀቶቹን ከፌስታሉ አውጥቼ ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩ። መነጽሬን ቦርሳዬ ውስጥ ስፈልግ አብዱ አንገቱን አስግጎ በትልቁ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበው፦

«አባቴ... ዘፈን... አይወድም።»

የሰዓዳ ጨርቅ መኪናው ላይ ቆመ።

«ይሄ ነው የተጻፈው?» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ቀጥሎ...»

«በዚህ በሚያህል ፊደል?» ገጹን በሁለት ጣታቸው አነሱት። ማንበብ ባይችሉም ትልቅነቱ ይታያል። «አገር ሁሉ እንዲያየው?» ወረቀቱን መልሰው አስቀመጡት። «ደግ። የአሱር ሶላት ደርሷል» ብለው ተነሱ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ ወጡ። አብዱም ተከተላቸው።

ሰዓዳ ጨርቁን ባልዲ ውስጥ ጣለችው። «ምን አደረጉ ጋሽ ተካ?»

ያን የሚያህል ገጽ ባዶ አድርጌ፣ አንባቢ እስኪገልጠው ድረስ አባትየውን ብቻቸውን አቁሜያቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው፦ እኔ ራሴ ፊደል ስማር በመንገድ ስሄድ የማነበው ትልቁን ብቻ ነበር። የመኪና ግንባር፣ የሱቅ ሰሌዳ፣ የመጽሔት አናት። ትንሹ ጋ ሳልደርስ አልፌው እሄዳለሁ። ይህን የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ቢሠራው ይቅር ይባላል። እኔ ግን ፔንሲዮን ውስጥ ሆኜ ለራሴ ሳጨበጭብ ነበር።

ስልኬን ከሰሌኑ ላይ አነሳች፣ የላንጋኖውን ፎቶ ከፍታ ያዘችው። «ላጥፋው?» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«ይመለሳሉ» አልኳት። እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከመስጊድ ሲመለሱ ብቻቸውን ነበሩ። መኪናውን ዞሩት፤ ከልማድ ነው፣ በእግራቸው የኋላውን ጎማ ረገጥ አደረጉት። ከዚያ መጥተው እዚያው ሰሌናቸው ላይ ተቀመጡ።

«መስጊድ ተቀምጬ አሰብኩት» አሉ። «ውሸት አይደለም። አልወድም። ታዲያ ለዚህ ብቻ ከአዳማ ትመጣለህ? ሌላ የለውም?»

«አለው ሐጂ። ገጹ ይገለበጣል።»

«ገልብጠዋ!»

ገለበጥኩ። ማንበብ ጀመርኩ። እንደ ፈራሁት ተደናቀፍኩ፤ ረጅሙ ቃል ላይ ቆሜ እንደገና እነሳለሁ። እሳቸው ግን አልተቁነጠነጡም። ሽቅብ የሚወጣ ከባድ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው በየአረፍተ ነገሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጠበቁኝ። ስለ ጋቢናው ሳነብ አንገታቸውን አቀረቀሩ። «ረዳቴ ናት» የሚለው ጋ ስደርስ፣ «ብዬ ነበር፣ አዎ ብዬ ነበር» አሉ ለራሳቸው። ስለ ጎማው ሳነብ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። ጎማዬን ነው የሚጨፍሩት?»

«አዳማ ሙሉ ሐጂ። ባጃጁም፣ ሰርጉም።»

«የኋላውን? ያን ነፋስ የማይዘውን?»

«እሱ ሲመጣ ነው ሁሉም ትከሻውን የሚጥለው።»

«ያ ረቢ!» አሉና ሳቁ፤ ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ። «ሦስት ጊዜ አስጠግኜዋለሁ እኮ!» ሰዓዳ መኪናው ጎን ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትስቅ ታልቅስ አላየሁም።

ጨረስኩ። «ሽፋኑን አሳየኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ፊቷን ከቅርብም ከሩቅም አዩት። ጠባሳው ላይ በጣታቸው ነኩት። «ይሄ የሻሸመኔ ነው፣ ከጋቢና ወድቃ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ከስር ያለውን ፊደል አሳዩኝ። «ምን ይላል?»

«ሰዓዳ።»

«ሰዓዳ ማን?»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ።

«ሰዓዳ ማን? አባት የላትም?»

«ሐጂ፣ ስምዎን ከዚህ ነገር ላርቀው ብዬ ነው። ለእርስዎ ክብር...»

«የምን ክብር? ሰው አይቶ ምን ይላል? ከቤት የወጣች፣ የተረገመች ይላል። እኔ ከቤት አላስወጣኋትም። ያቻትልህ፣ መኪናዬን እያጠበች።» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ዘፈን አልወድም፤ ነገም አልወድም። ልጄ ናት ግን። ስሜን አስገባ።»

«እሺ ሐጂ። ከስር፣ በትንሹ...»

«ለምን በትንሹ? እኩል አድርገው!» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ያንን የመጀመሪያውንም ቃል አታጥፋው። እውነት ነው። ግን ሁለቱን እዚያው አንድ ላይ አድርጋቸው። ሰው እንደ አብዱ ነው፤ አይገለብጥም።»

ከዚያ ወደ ግቢው ዞረው ጮክ አሉ። «ሰዓዳ! ቅዳሜ ላንጋኖ በምን ትሄጃለሽ?»

«በሚኒባስ፣ አባ።»

«መኪና እያለኝ? እኔ አደርስሻለሁ። አልገባም፤ ጋቢና ውስጥ ነው የምቆየው። መስኮት ዘግቼ።»

ወደ አዳማ

መቂ መናኸሪያ ግድግዳ ተደግፌ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። ሁለቱን አረፍተ ነገር አንድ ገጽ ላይ አመጣኋቸው፣ አንዱ ከአንዱ ስር። የፈራሁትን ያህል አልከፋም፤ ይልቅ ተሻለ። አሁን ሁለቱም ይተያያሉ። ሽፋኑ ነው ያስቸገረኝ። «ሰዓዳ ከድር» በዚያ መጠን ከመጽሔቱ ስም ጋር አልገባ አለ። ቤቲ ጋ ደወልኩ።

«ከድርን ትንሽ ያሳንሱት» አለች።

«አይሆንም።»

«ታዲያ ምኑ ይነስ?»

«'ረገዳ'ን አሳንሳለሁ።»

«ጋሽ ተካ! የመጽሔቱን ስም?! ሰው እኛ መሆናችንን በምን ያውቃል?»

«ፊቷን ሲያይ ያውቃል። እስካሁን ያሳየ ሌላ መጽሔት የለም።»

ስልኩ ውስጥ ስትተነፍስ ሰማሁ። «እናቴ ስትሰማ...» አለችና ሳቀች። «ያሳንሱት።»

ወደ አዳማ የተመለስኩት የሐዋሳ መንገደኛ በያዘ ሚኒባስ ነው። ሞጆ ላይ ዝናብ መጣ፣ ኮንቴይነሩ ሁሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ይሄኛው ሾፌርም «ስድስት»ን ከፈተ። ዱብታዋ ስትመጣ ያ ነፋስ የማይዘው የኋላ ጎማ ታየኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ለምን ብቻዬን እንደምስቅ ሊገባው አልቻለም። ገጾቹን ጊዜው ሳያልፍ አስገባሁ፤ ማተሚያ ቤት በር ላይ ቆሜ የቀለሙን ሽታ ስስብ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ጉዞ ያስተምራል ሲሉ ስሰማ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ዕድሜዬን መንገድ ላይ ኖሬ ማንበብ እንኳ አላስተማረኝም ነበር። ይሄኛው ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሰው ልጁ የምትሠራውን ሳይወደው ስሙን አጠገቧ በእኩል ፊደል ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ያለ አባት እኔ አልነበረኝም። ሐጂ ግን «አባት የላትም?» ሲሉኝ የሚጠይቁኝ ስለ ሰዓዳ ብቻ አልመሰለኝም።

ገጹን ከማስገባቴ በፊት ከጽሑፉ ስር ያለችውን «ተካ» አየኋት። ብቻዋን ነበረች። አጠገቧ ጨመርኩ፦ ተካ ደበሌ።

ደበሌን በትንሹ ፊደል ነው የጻፍኩት። እኩል ለማድረግ ገና ነኝ።